የማርታ ተራ

ለዘመድ ሠርግ ገዘር ደርሼ ከሚኒባሱ ስወርድ፣ ከገበያው በስተላይ ካለው ዳገት የሣር ጭስ ይነሣ ነበር። ሸክላ እያቃጠሉ ነው። የእንጨት ጭስ ዓይንን ይቆጠቁጣል፤ ይህኛው ግን ዓይንን አልፎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ እርጥብ ሣርና የጋለ አፈር በአንድነት ይሸታል። አእምሮዬ ለሽታው ስም ከመስጠቱ በፊት ምላሴ ደረቀ፤ ሁለቱም እጆቼ ወደ ኋላዬ ሄደው ተያያዙ። ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ወጣት «በረደህ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ። አልበረደኝም። የመጣብኝ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት ነበር።

በዚያ ዓመት መምህር የነበረው አባቴ ትምህርቱን ሊያሻሽል ወደ አርባ ምንጭ ሄደ። እናቴም አብራው ስለሄደች እኔ ከጂንካ ወደ ገዘር፣ አያቴ ዘንድ ተላክሁ። አያቴ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ቆይቶ ነበር፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩት ከታላቅ ልጃቸው፣ ከአጎቴ ከጋሽ ታሪኩና ከቤተሰቡ ጋር ነው። እንሰትና በቆሎ ያለማሉ፤ በጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበሩ። ረጅምና ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሲጸልዩ እንኳ እያንዳንዱን ቃል መዝነው የሚያወጡት ይመስል ነበር።

ፍርሃትን ያስተማረችኝ የአጎቴ ልጅ አልማዝ ናት። እርሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በእኛ በአሪዎች ዘንድ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ማና ይባላሉ። ገበሬው ድስታቸውን ይገዛል እንጂ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ቤታቸው አይገባም፤ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም። በገበያ ድስቱን መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ገዢው ከመሬት ያነሣዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ለሥራ ወደ ግቢያችን ከመጡ የሚጠጡበት ቅል ለብቻው አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ልጆች በሠፈራቸው ስናልፍ ምንም እንዳንነካ እጃችንን ወደ ኋላ እናደርጋለን።

«ድስታቸው ውስጥ የተቀቀለውን እንበላ የለ?» ብዬ አልማዝን ጠየቅኋት።

«ድስቱን እሳት አጥርቶታል። ሰዎቹን ግን እሳት አልነካቸውም።»

«ከቤታቸው የበላ ሰው ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሆዱ ይነፋል። ከዚያ አንተ በለቅሶ ወደ አባትህ ትመለሳለህ» አለችና በቆሎዋን መፈልፈል ቀጠለች።

በጸሎት ቤታችን ከማና ወገን የሆነች አንዲት ሴት ነበረች፤ ማርታ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ ከተጠመቀች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ሁልጊዜ በበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አግዳሚው አምስት ሰው ይይዛል፤ የሚቀመጡበት ግን እርሷና ልጆቿ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ተጨናንቆ ሲቀመጥ እርሷ እንዲያ ሰፊ ቦታ ማግኘቷን ሳይ ለክብር የተሰጣት ይመስለኝ ነበር፤ ከእርሷ ሌላ ብቻውን የሚቀመጥ ወንጌላዊው ነበርና።

በየሳምንቱ ሐሙስ ምእመናኑ በየቤቱ በተራ እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፤ ባለ ተራውም ያለውን ያበላል። የተራውን ስም በደብተር ይዘው እሑድ እሑድ የሚያነቡት አያቴ ነበሩ። በጥቅምት አንድ እሑድ፣ አያቴ ለለቅሶ ወደ ወይጦ ወርደው አራት ቀን ሰንብተው በተመለሱ ሰሞን፣ የቆላ ትንኝ የነደፈውን ክንዳቸውን እያሻሹ የባለ ተራውን ስም አነበቡ። ማርታ ከኋላ ተነሣች።

«ሽማግሌ፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ተናገሪ፣ እህት ማርታ።»

«ባለፈው ሐሙስ እህት አበበች ቤት ነበርን። ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ቤት የእኔ ነው። ተራው እኔን ዘልሎ ሲያልፍ ይህ ሦስተኛው ነው።»

አያቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዳናስቸግርሽ ብለን ነው። ልጆች የምታሳድጊው ብቻሽን ነሽ።»

«እህት አበበችም የምታሳድገው ብቻዋን ነው» አለች ማርታ። ድምፅዋ አልጨመረም። «የሌለኝን አላቀርብም፤ ያለኝን ነው። ወይስ የሚያስቸግረው ጎደሬዬ ነው?»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አያቴ መነጽራቸውን መልሰው ደብተሩን አዩ። ከዚያም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐሙስ በእህት ማርታ ቤት» አሉ።

ከሐሙስ በፊት አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ከእንሰቱ መካከል የአያቴን ድምፅ ሰማሁ። ተንበርክከው ነበር፤ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገብቷል። «ጌታ ሆይ፣ እፈራለሁ» ይሉ ነበር። «በሰው ፊት እሺ ብያለሁ፤ አንተን ግን መዋሸት አልችልም። አባቴ በእነርሱ ደጃፍ ሳይቆም ሞተ። እኔም ዕድሜ ልኬን ሳስተምረው የኖርሁትን አሁን መብላት አቃተኝ።»

ጀሪካኑን እንደያዝሁ ቆምሁ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ የአልማዝ ወሬ ሐሰት ሊሆን ይችላል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበረኝ። አያቴ ዘንዶ ገድለዋል ተብሎ የሚነገርላቸው ሰው ናቸው። እርሳቸው ከፈሩ፣ የሚፈራው ነገር በእርግጥ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ጫማቸውን ደበቅሁ፤ የላስቲክ ቦቲያቸውን በቆሎ ጎተራው ውስጥ ቀበርሁት። አያቴ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። «ጫማዬን ያየ አለ?» አሉ። ማንም አላየም። ወደ እኔ ተመለከቱና ፊቴን አነበቡት መሰለኝ፤ ግን አልተቆጡም። «እንግዲህ ጫማው ካልፈለገ እግሩ ይሄዳል» ብለው ሱሪያቸውን ጠቀለሉና በባዶ እግራቸው ወጡ። አጎቴ ላም ታማብኛለች ብሎ ቀረ። እኔ ተከተልኋቸው፤ የምከተለው ከበሩ ላይ ልመልሳቸው ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ከአፌ ቃል አልወጣም።

ከሃያ የሚበልጡት የኅብረቱ አባላት በሙሉ ይመጣሉ ብላ ማርታ ሦስት ድስት ሞልታ ነበር፤ ጎደሬ፣ ጎመንና የተቀቀለ በቆሎ። የመጡት ወንጌላዊው፣ እህት አበበችና አያቴ ነበሩ፤ አራተኛው እኔ ነኝ። ማርታ አዲስ ቅጠል አንጥፋ የብዙ ሰው ቦታ አዘጋጅታ ነበር። ማንም ሳያዝዛት ጎንበስ አለችና ከዳር ያሉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸው።

አያቴ ምግቡን ባረኩ። ጎደሬውን ሲያነሡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ጀመረ ብዬ አሰብሁ። ቆርሰው ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ማኘኩን ግን መጨረስ አቃታቸው። ከዚያ ትን አላቸው። ማርታ የውኃውን ቅል አንሥታ እጇ መንገድ ላይ ቆመ፤ መሬት ላይ ልታስቀምጠው ጎንበስ ስትል አያቴ እያሳሉ እጃቸውን ዘረጉ። «በእጄ ስጪኝ» አሉ። ከእጇ ተቀብለው ጠጡ።

ለእኔ የደረሰኝን ቁራሽ ወደ አፌ አስጠግቼ ኪሴ ውስጥ ጨመርሁት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። እህት አበበች ግን አይታ ልትቆጣኝ ስትል ማርታ ከለከለቻት።

«ተይው፣ ልጅ ነው። እኔም በእርሱ ዕድሜ በእናንተ በር ሳልፍ እጄን ወደ ኋላ አደርግ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ ለምን?» አሏት አያቴ።

«ነካሽ ተብዬ ጣቴን በዱላ እንዳልመታ።»

አያቴ ሁለተኛውን ጎደሬ አነሡ።

ከማግስቱ ጀምሬ ጠበቅኋቸው። ሲያስነጥሱ እቆጥራለሁ፤ ቀበቷቸውን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያስሩ አያለሁ። ዓርብ ደኅና ነበሩ። ቅዳሜ አጥር አጠሩ። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ጀንበሯ እየጠበሰች ጋቢ ጠየቁ። ሁለት ጋቢ ደርበው በምድጃው አጠገብ ተጋደሙና ጥርሳቸው መንገጫገጭ ጀመረ። አልማዝን አየኋት። ነገርኩህ አላለችኝም፤ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከነገረችኝ ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ሰኞ ትኩሳቱ ተዋቸው፤ ማክሰኞ ግን ብሶ ተመለሰ። ግቢው በሰው ተሞላ። የጸሎት ቤቱ ሰዎችም መጡ፤ ከጣራው ሥር እየጸለዩ ወደ ደጅ ወጥተው ይንሾካሾካሉ። አጎቴ ጥቁር በግ ጎትቶ መጣ። የድሮውን ሥርዓት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አስጠርቶ ነበር፤ በጉ ይታረዳል፣ የአያቴም ሰውነት በፈርሱ ይታበሳል፣ የበሉት ርኩሰትም ይለቃቸዋል።

«ለጥንቃቄ ነው፣ አባባ» አለ አጎቴ፣ በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ። «ጸሎቱም ይቀጥላል። ጌታ ልብን ያያል።»

«ታሪኩ፣ ይህን በግ ካረድህ ማርታ ርኩስ ናት ብዬ ፈረምሁ ማለት ነው። ጌታ ያጠባትን እኔ በፈርስ አላጥባትም።»

«የምናጥበው እርሷን አይደለም፤ እርስዎን ነው።»

«ያው ነው።»

«ሞት አይፈሩም?»

አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እፈራለሁ እንጂ። እየፈራሁ ነው እንቢ የምልህ።»

ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። እንዲታረድ ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም፤ የጸለይሁትም እግዚአብሔር አያቴን ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ኃጢአት እንዲያሠራቸው ነበር። መልስ ሳጣ ሌላ መንገድ ታየኝ። ያሰረ ሰው መፍታት አይሳነውም ብዬ ወደ ማርታ ቤት ሮጥሁ።

ማርታ ከቤቷ ኋላ ሸክላ እያቃጠለች ነበር። ድስቶቹ ተደራርበው ሣር ለብሰዋል፤ እርሷ በረጅም ዱላ እሳቱን እየዞረች ታስተካክላለች፤ በሳሳ ቦታ ሣር ትጨምራለች። በምን ስም እንደምጠራት አላወቅሁም።

«አንሺላቸው» አልኋት።

«ምኑን?»

«ሐሙስ የሰጠሻቸውን። እየተንቀጠቀጡ ነው። ሆዳቸው ሳይነፋ አንሺላቸው።»

ዱላዋ ቆመ። የምትመታኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«ሁሉም ሰው ያውቃል» ብላ ቃሌን ደገመችው። ከዚያም ፊቷ ተለወጠ። «የሚያንቀጠቅጣቸው ሁልጊዜ ነው?»

«አንድ ቀን ይተዋቸዋል፤ በማግስቱ ይመለሳል።»

«ወይጦ ወርደው አልነበር?»

«ለለቅሶ። አራት ቀን።»

«ወባ ነው። ካኮ ገበያ ሸክላ ይዤ ስወርድ ስንቱን እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።»

«ወባ ይገድላል?»

«ይገድላል። ግን መድኃኒት አለው።»

እሳቱን አየችው። በአንድ ወገን ሣሩ አልቆ ድስቶቹ ተገልጠዋል፤ እኩል ካልጋለ ሸክላ እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቅ ነበር። የብዙ ሳምንት ሥራዋ ነው። ዱላውን መሬት ላይ ጣለችና ወንድሞቿን እየተጣራች ወረደች። ከኋላዋ ሸክላ ሁለት ጊዜ ጧ ሲል ሰማሁ፤ እርሷ ግን አልዞረችም። በመንገድ ላይ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ «ጌታ ሆይ፣ ወባ አድርገው። ወባ አድርገው» ትል ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እርሷም እርግጠኛ አልነበረችም። ስለ እርሷ የተባለውን እርሷም እንደኔ ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታዋለች፤ ምናልባት እውነት ይሆን ብላ ፈርታለች።

ግቢያችን በር ላይ ስትደርስ እግሯ በልማዱ ቆመ። በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። አጎቴ የበጉን ገመድ እንደያዘ ተነሣ።

«ምን ቀረሽ?» አላት።

«ጋሽ ታሪኩ፣ ወባ ነው። ዛሬ ጂንካ ካልደረሱ ይሞታሉ። ከሞቱ ደግሞ የሚባለውን አንተም እኔም እናውቃለን። በጉን ነገም ታርደዋለህ።»

ከውስጥ የአያቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነበር። «ግቢ፣ እህት ማርታ።»

ገባች። ቃሬዛው ከሁለት እንጨትና ከጆንያ ተሠራ። ሁለቱ ወንድሞቿ የፊቱን ጫፎች ያዙ። በግቢው ከነበሩት ወንዶች የኋላውን ሊይዝ የቀረበ አልነበረም፤ እንዲያውም ወደ አጥሩ አፈገፈጉ። ማርታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ከኋላ አንዱን ጫፍ በትከሻዋ አነሣች። አንዱ ጫፍ ቀረ። ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ አያቴ በጎናቸው ተንሸራተቱ።

«ታሪኩ» አሉ አያቴ። «የምፈልገው ትከሻህን ነው፤ በግህን አይደለም።»

አጎቴ የቆመበትን ጊዜ ዛሬም መለካት አልችልም። ገመዱን ለአልማዝ ሰጣትና አራተኛውን ጫፍ ያዘ። ከማርታ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው ጭቃውን ወረዱ፤ ፊቱን ወደ እርሷ አላዞረም። ገዘር ገበያ ላይ አንድ የጭነት መኪና አገኘን፤ አጎቴና ማርታ ከአያቴ ጋር ወጡ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ተሳፈርሁ፤ ሊያወርዱኝ ሲሞክሩ የአያቴን እግር አቅፌ አለቀቅሁም።

ጂንካ ሐኪም ቤት ደማቸው ተመረመረ፤ ወባ ነው ተባለ። አጎቴ ቃሉን ሲሰማ በቁመቱ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። እኔ ግን አልተጽናናሁም። ነርሷ መርፌ እየወጋች «ዘግይታችኋል፤ እንግዲህ እናያለን» ስትል ሰምቼ ነበር። በዚያን ዕለት አያቴ አላወቁንም፤ አጎቴን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩት። በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ልብስና ስንቅ ሊያመጣ ወደ ገዘር ተመለሰ። ከአልጋው አጠገብ የቀረነው ማርታና እኔ ብቻ ነበርን።

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበር። ማርታ ስንነሣ ልጇ ሮጣ ያደረሰችላትን የጨርቅ ቋጠሮ ፈታች፤ ሁለት የተቀቀለ ጎደሬ ነበር። አንዱን በጥፍሯ ላጠችና ለሁለት ከፈለችው። አልሰጠችኝም፤ በመካከላችን ባለው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችውና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንድመርጥ ተወችኝ።

ጎደሬውን አየሁት፤ አያቴን አየሁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ደረታቸው ቶሎ ቶሎ ይነሣል። የነርሷ መድኃኒት፣ የአልማዝ ቃል፣ የእሑዱ ስብከት፣ ሁሉም በራሴ ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር። የጠራልኝ አንድ ነገር ነው፤ አያቴ ከሞቱ የሚሞቱት ከዚህች ሴት እጅ ስለበሉ ነው፤ ሲሄዱም ያለ እኔ ነው የሚሄዱት፤ በዚያ ቤት ከነበርነው ኪሱ ውስጥ የደበቀው እኔ ብቻ ነኝና። ያለ እኔ እንዲሄዱ አልፈለግሁም። እጄን ዘረጋሁና «ከእጅሽ ስጪኝ» አልኋት።

ማርታ ዘወር አለች። ጎደሬውን አነሣችና በመዳፌ ላይ አኖረችው። ጣቶቿ ሸካራና ሙቅ ነበሩ። ጎረስሁት፤ እንባዬ አብሮት ገባ። ዋጥሁት። ጨው አንሶት ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የሚሆነውን ጠበቅሁ።

«ምንድን ነው የምትበሉት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ገለጥሁ። አያቴ እያዩኝ ነበር፤ አሁን ማን እንደሆንሁ አውቀዋል። ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር።

«ጎደሬ ነው፣ ሽማግሌ» አለች ማርታ።

«ለእኔ አላስተረፋችሁም?»

ማርታ ሁለተኛውን ጎደሬ አንሥታ መላጥ ጀመረች፤ ልጣጩ ግን ከጎደሬው ጋር ይቆረስባት ነበር።